የአርኤክስ-8 ካንዴላ በራስ እጅ መቀየር፦ ሮታሪ ሞተር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ከሀ እስከ ፐ

የማዝዳዋን አርኤክስ-8 የያዘ ሀበሻ ይህቺን ነገር ያውቃታል፦ የሰፈር መካኒክ ጋ ይሄዳል፣ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አየት ያደርግና "ወንድሜ ይሄ ሮታሪ ነው፣ እኔ አልነካውም" ብሎ መልሶ ይዘጋዋል። ወይ ደሞ እነካለሁ ካለ ለአራት ካንዴላ ሰማይ የነካ ብር ይጠራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ካንዴላ መቀየር ላይ ሮታሪ ከተራው ሞተር ብዙም አይከብድም፣ እንዳውም የኋላዎቹን ሶስት ካንዴላዎች ለማግኘት ኢንቴክ ማኒፎልድ ከሚወርድባቸው አንዳንድ ቪ6 ሚኒቫኖች በጣም ይቀላል። እዚህ የሚጠይቀው ጉልበት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። አራቱ ካንዴላዎች አንድ አይነት አይደሉም፣ የላይና የታች ከተቀያየረ ወይ አንዱ ጠሞ ከገባ ጣጣው ከካንዴላ ዋጋ በላይ ይሄዳል። ስለዚ ከታች ብዙ ነገር እጽፋለሁ ግን አንዷን ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህቺን ነው የምላችሁ፦ አንዱን ፈታችሁ፣ አዲሱን አስገብታችሁ፣ ገመዱን መልሳችሁ ሳትሰኩ ሁለተኛውን እንዳትነኩ።

የምጽፈው አሜሪካ ስላለችው አርኤክስ-8 ነው፣ መሪዋ በግራ የሆነችው። ዱባይም ሪያድም ያላችሁ የእናንተም መሪ በግራ ስለሆነ ያው ነው። እንግሊዝ ወይ ጃፓን መሪው በቀኝ ለሆነ ሰው ካንዴላዎቹ አሁንም በመኪናው ግራ በኩል ናቸው፣ ማለትም ከሾፌሩ ሳይሆን ከተሳፋሪው በኩል ይሆንበታል።

መጀመሪያ ምን እንደምትነኩ ይግባችሁ

ይህቺን ክፍል ዘላችሁ ወደ መፍቻው አትሂዱ፣ ለምን እንደሆነ ከገባችሁ የሚቀረው ሁሉ ይቀላል።

ሮታሪ ውስጥ ፒስተን የለም፣ ቫልቭ የለም፣ ቴስታታ የሚባል ነገርም የለም። ጎኖቹ ወጣ ወጣ ያሉ ባለ ሶስት ማእዘን ብረት አለ፣ ሮተር ይባላል፣ ሮተር ሃውዚንግ በሚባል ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ነገሩን ያመጣው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው፣ ማዝዳ ደሞ በ1967 ኮስሞ ስፖርት ላይ ሁለት ሮተር አድርጎ ለገበያ አቅርቦ ከዛ ወዲህ ሌላው ሁሉ ሲተወው እሱ ብቻ የሙጥኝ ብሎ ቆየ። አርኤክስ-8 ላይ ያለው ሬኔሲስ የሚባለው 13ቢ ሞተር ነው፣ ሁለት ሮተር፣ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ፣ ባንድ ላይ 1.3 ሊትር።

ለያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላ አለው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። የታችኛው ሊዲንግ ይባላል፣ የላይኛው ትሬይሊንግ። ሁለት ያስፈለገው ነዳጁ የሚነድበት ክፍተት ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ አንድ እሳት ብቻውን ዳር እስከዳር ቶሎ ስለማይደርስ ነው። በ1991 ለማን የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰአት ውድድር ያሸነፈችው የማዝዳ 787ቢ እንዳውም አራት ሮተር ኖሯት በሮተር ሶስት ሶስት ካንዴላ ነበራት።

አሁን ዋናው ነገር። የሮተሩ ሶስት ጫፎች ላይ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ ተራ ሞተር ላይ ፋሻ፣ የፒስተን ቀለበት ማለት ነው፣ የሚሰራውን ስራ እዚህ የሚሰሩት እነሱ ናቸው። እነዚህ ሲሎች የሃውዚንጉን ግድግዳ እየጠረጉ ሲዞሩ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። በጣም በቅርብ። ካንዴላው ጫፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ወጣ ካለ ሲሉ ይመታዋል፣ ሲል ከተሰበረ ደሞ ሞተሩ ይወርዳል ማለት ነው። ለዚህ ነው የቶዮታ ካንዴላ ጥርሱ ገጠመልኝ ተብሎ እዚህ የማይገባው። የላይኛው የትሬይሊንግ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ከታችኛው በጣም የጠበበ ነው፣ ምክንያቱም ሲሉ በሱ ላይ በሚያልፍበት ሰአት ግራና ቀኙ ያለው ግፊት ስለሚለያይ ቀዳዳው ሰፊ ቢሆን ግፊቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያመልጥ ነበር። የላይና የታች ካንዴላ የተለያየውም እንዲሁ ለጌጥ አይደለም።

ሌላው፣ ተራ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ አንድ ሲሊንደር የሚያቃጥለው ዘንጉ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው። ሮታሪ ላይ ግን እያንዳንዱ ሮተር ዘንጉ በዞረ ቁጥር ያቃጥላል። እና ማንዋል ማርሽ ያላት አርኤክስ-8 እስከ 9,000 ዙር ትሄዳለች። ካንዴላው ቶሎ ቢያልቅ አይግረማችሁ፣ ሌላ መኪና ላይ 100,000 ማይል ሄደልኝ የምትሉት ነገር እዚህ የለም። ይህቺን መኪና የሚያውቋት ሰዎች በ30,000 ማይል አካባቢ ይቀይራሉ፣ ከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ የሚነዳ ደሞ ከዛም ቀደም ይላል።

መቼ ነው የሚቀየረው

ጠዋት ለመነሳት ስታስቸግር፣ ቆማ ስትንቀጠቀጥ፣ ነዳጅ ስትሰጧት ሲቆራረጥ፣ ቤንዚን ከወትሮው በላይ ስትጠጣ። ቼክ ኢንጅን ከበራና ኮዱን ካስነበባችሁ ፒ0300 ዝም ብሎ ይቆራረጣል ማለት ነው፣ ፒ0301 የፊተኛው ሮተር ነው፣ ፒ0302 የኋለኛው። መብራቱ እየበራ እየጠፋ ብልጭ ብልጭ ካለ ግን አትንዷት፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ገብቶ እዛ ይነድና ያቀልጠዋል። የካታሊስት ዋጋ ስንት እንደሆነ ለማታውቁ፣ አትወቁት። ሰሜን ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ደሞ ቼክ ኢንጅን በርቶ ኤሚሽን እንደማታልፉ ታውቃላችሁ።

ካንዴላ ብቻውን ሁሌ ጥፋተኛ አይደለም። እዚህ መኪና ላይ ቦቢና፣ ኮይል የምትሉት፣ ቶሎ በመድከም የታወቀ ነው፣ አራት ቦቢና አላት፣ ለያንዳንዱ ካንዴላ አንድ። ቦቢናዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ካላወቃችሁና መኪናዋን ሁለተኛ እጅ ከገዛችሁ አዲስ ካንዴላ ላይ የደከመ ቦቢና ማሰር ብር መጣል ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የሚያስፈልግ እቃ

ካንዴላው። ሁለት ኤንጂኬ አርኢ7ሲ-ኤል ለታች፣ ሁለት ኤንጂኬ አርኢ9ቢ-ቲ ለላይ። መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል እዩ፣ ኤል ሊዲንግ ነው፣ ቲ ትሬይሊንግ። ቁጥሯ ደሞ የሙቀት ደረጃዋ ነች፣ በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ያስወግዳል፣ ማለትም የላይኛው ከታችኛው ይቀዘቅዛል። አርኤክስ-7 ያላችሁ ይሄ የእናንተ ቁጥር አይደለም፣ የመጨረሻዋ ሞዴል ኤፍዲ ለምሳሌ ቢዩአር7ኢኪው ታች ቢዩአር9ኢኪው ላይ ነው የምትወስደው። አራቱ በጠቅላላ አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር አካባቢ ይወጣል፣ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ኦንላይን ላይ አራቱን በ30 ዶላር የሚሸጥ ካያችሁ ሸሹት፣ የኤንጂኬ ፎርጅድ ገበያውን ሞልቶታል፣ ሳጥኑ ራሱ ከእውነተኛው አይለይም። ከታወቀ የመኪና እቃ መደብር ወይ ከዲለር ግዙ።

የካንዴላ ቡሶላ፣ ውስጡ ካንዴላውን ይዞ የሚያስቀር ላስቲክ ያለው፣ መጠኑ 13/16 ኢንች፣ 21 ሚሊሜትርም ይሄዳል። ራቼት፣ ወደ 6 ኢንች የሚሆን ኤክስቴንሽን፣ እጅ የማይገባበት ቦታ ላይ የሚተጣጠፈው መጋጠሚያ ቢኖር ጥሩ ነው። ክሪክና ጃክ ስታንድ። ለኋላ ጎማ ታኮ። የእጅ ባትሪ፣ ራስ ላይ የሚታሰረው አይነት ከሆነ እሰየው። ፕላስተርና እስክሪብቶ። ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ ትንሿ ትዩብ። የድሮ የነዳጅ ቱቦ ቁራጭ፣ ስንዝር የምታክል፣ ጥቅሟን ከታች ታያላችሁ።

ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ ደሞ ሁለት ነው የሚያስፈልገው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ካንዴላው የሚጠብቀው ከ13 እስከ 17.6 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ በፓውንድ ጫማ 9.6 እስከ 12.9 ይሆናል። ለጎማ ዳዶ የምትጠቀሙበት ትልቁ ቶርክ ሬንች ይህቺን ትንሽ ቁጥር በትክክል አይለካም፣ እስኪጮህ እየጠበቃችሁ ጥርሱን ትበሉታላችሁ። በኢንች ፓውንድ የሚለካውን ትንሹን አግኙ፣ እሱ ላይ ከ115 እስከ 155 ማለት ነው። መግዛት ካልፈለጋችሁ ኦቶዞን መያዣ ብር ከፍላችሁ ያውሳችኋል፣ ስትመልሱ ብራችሁን ትወስዳላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ መኪናዋን የት አቆማችኋት

ይሄ የሮታሪ ብቻ ወጥመድ ነው። ጀማሪ ሰው ምን ያደርጋል፣ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከፓርኪንግ አስነስቶ አስር ሜትር ወደተመቸ ቦታ ይወስዳታል፣ ያጠፋታል፣ ስራውን ይጀምራል። በቃ። ሮታሪ በብርዱ ተነስቶ ሳይሞቅ ከጠፋ ውስጡ ቤንዚን ይቀርና ካንዴላዎቹ ይረጥባሉ፣ ፍለድ አደረገ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ቀጥሎ ስታስነሱት ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚ ማታ ከስራ ስትመለሱ ሞተሩ በደንብ እንደሞቀ በቀጥታ የምትሰሩበት ቦታ ላይ አቁሟት፣ እዛው ትደር፣ ጠዋት ሳታስነሱ ስሩ።

መሬቱ ደልዳላ ይሁን። አፓርትመንት የምትኖሩ ደሞ ኪራይ ውላችሁን አንብቡ፣ ብዙ ቦታ ፓርኪንግ ላይ መኪና መጠገን ክልክል ነው፣ ጎማ አውልቃችሁ ጃክ ስታንድ ላይ የቆመች መኪና ደሞ ቶሎ ታስታውቃለች። ግቢ ያለው ጓደኛ ካለ እዛ ይሻላል፣ ቡናም አይጠፋም።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት ስል ለእጃችሁ ብቻ ብዬ አይደለም። ካንዴላው የሚገባበት ሃውዚንግ አሉሚኒየም ነው፣ ካንዴላው ብረት። ትኩስ እያለ ስትፈቱት ብረቱ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ስራው

ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎች ስር ታኮ አድርጉ። ቁልፉ ከውስጥ ይውጣ። የፊት ግራ ጎማ ዳዶዎችን መኪናዋ መሬት ላይ እያለች ትንሽ ላላ አድርጉ፣ እሷም 21 ሚሊ ነች። ከዛ በክሪክ አንሷት፣ ጃክ ስታንድ አስገቡ፣ ክሪኩን ዝቅ አድርጋችሁ ክብደቱ ስታንዱ ላይ ይረፍ፣ መኪናዋን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ አለመወዛወዟን እዩ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር እጅም እግርም አይገባም፣ ክሪክ ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ደሞ ቀስም አይልም። ጎማውን አውልቁና መኪናዋ ስር አስተኙት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ እሱ ይይዛታል።

አሁን የፓራፋንጎው ጉድጓድ ውስጥ በሳስፔንሽኑ ክንዶች መሀል ባትሪ አብርታችሁ ወደ ሞተሩ ጎን እዩ። አራት ወፍራም ገመድ ታያላችሁ፣ ሁለት ፊት ለፊት ራዲያተሩ በኩል፣ ሁለት ወደ ኋላ። ወደ ራዲያተሩ ያሉት ሁለቱ የአንደኛው ሮተር ናቸው፣ የኋላዎቹ የሁለተኛው። ከያንዳንዱ ጥንድ የታችኛው ሊዲንግ፣ የላይኛው ትሬይሊንግ። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው በዚህ በኩል ካልደረሰለት የታች መከላከያ ፕላስቲኩን ፈቶ ከስር መስራት ይችላል፣ እኔ ግን ለጀማሪ በጎማው በኩል ያለውን ነው የምመርጠው፣ መኪና ስር መተኛት የለበትም።

ምንም ሳትነቅሉ በፊት ስልካችሁን አስገብታችሁ ፎቶ አንሱ። ከዛ ፕላስተር ቁረጡና ገመዶቹ ላይ ጻፉ፦ ኤል1፣ ቲ1፣ ኤል2፣ ቲ2። አዲሶቹን ካንዴላዎችም ከሳጥናቸው ሳታወጡ ሳጥኑ ላይ እንዲሁ ጻፉበት። ሞኝነት ሊመስላችሁ ይችላል፣ እጃችሁ ዘይት ነክቶ ወገባችሁ ጎብጦ ሁለት ሰአት ካለፈ በኋላ ግን የትኛው የላይኛው እንደነበር ማስታወስ ቀላል አይደለም።

በጣም ከሚመቸው ጀምሩ፣ ብዙ ጊዜ የፊተኛው የታች ነው። ገመዱን ከላስቲክ ኮፍያው ያዙት፣ ገመዱን ራሱን ሳይሆን ኮፍያውን፣ ሩብ ዙር ወዲህና ወዲያ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ከተላቀቀ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ገመዱን ይዞ የሚጎትት ሰው ውስጡ ያለውን ይበጥሰዋል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል፣ ከዛ አዲስ ካንዴላ አስገብቼ ለምን ይቆራረጣል እያለ ሳምንት ይሰቃያል።

የካንዴላውን ዙሪያ በአየር ንፉ ወይ በብሩሽ ጥረጉ። መንገድ ላይ የተሰበሰበ አሸዋ እዛ አለ፣ ካንዴላው ሲወጣ ወደ ቀዳዳው ከገባ በቀጥታ አፔክስ ሲሉ መንገድ ላይ ነው የሚያርፈው። ለሁለት ደቂቃ ስራ ብላችሁ እንዳትዘሏት።

ቡሶላውን ካንዴላው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ዘንበል ካለ ነጩን ሸክላ ይሰነጥቃል። ወደ ግራ ፍቱ። መጀመሪያ ላይ ጠንከር ብሎ ቀጭ ብሎ መላቀቅ አለበት፣ ከዛ በጣት የሚዞር መሆን አለበት። ተላቆ እንደገና እየጠበቀ ከመጣ ቁሙ፣ አታስገድዱት፣ ጥርሱ መሀል ላይ የዛገ የሚያላቅቅ የዘይት ስፕሬይ ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ መልሳችሁ እንደገና ወደ ግራ፣ እንዲህ ወዲህ ወዲያ እያደረጋችሁ በትእግስት ይወጣል። ሃውዚንግ ጥርሱ ከተበላ ሞተር ማውረድ ሊመጣ ይችላል፣ ትእግስት ርካሽ ነው።

የወጣውን ካንዴላ አትጣሉት፣ ጨርቅ ላይ በቦታው አስቀምጡት፣ ወደሱ እንመጣለን።

አሁን አዲሱን። ክፍተቱን፣ ጋፕ የሚሉትን፣ አትንኩት፣ ጫፉ ኢሪዲየም ስለሆነ በቀጭኑ ብረት ስትለኩት ይሰበራል፣ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ጥርሱ ላይ አንቲ ሲዝ ቅባት ቀቡ የሚል ሰው ያጋጥማችኋል፣ ኤንጂኬ ራሱ ካንዴላዎቹ ቀድሞ የተለበጡ ስለሆነ አያስፈልግም ይላል፣ ቅባቱ ስለሚያንሸራትት በዛው ቶርክ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። እኔ ኤንጂኬን ነው የምሰማው።

ያቺን የቱቦ ቁራጭ የካንዴላው ጭራ ላይ ሰኩና በሷ ይዛችሁ ወደ ቀዳዳው አስገቡት፣ መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ጥርስ ለጥርስ ሲገናኝ ጠብ ስትል ይሰማችኋል፣ ከዛ ወደ ቀኝ። የቱቦዋ ጥቅም ካንዴላው ጠሞ ከገባ ቱቦዋ ትንሸራተታለች እንጂ አታስገድደውም። ራቼት ግን አይምራችሁም፣ ጠሞም ቢሆን እየቀደደ ይገባል። ቢያንስ አራት አምስት ዙር በጣት ብቻ ከዞረ በኋላ ነው ቡሶላ የሚነካው። በጣት እስኪቆም ካስገባችሁት በኋላ በትንሹ ቶርክ ሬንች ወደ 15 ኒውተን ሜትር አድርጋችሁ ጨርሱት። ቶርክ ሬንች በጭራሽ ካጣችሁ አዲስ ካንዴላ ሮንዴላዋ መቀመጫዋን ከነካች በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሶስተኛ ዙር ነው፣ ግን ቶርክ ሬንች ተዋሱ እባካችሁ።

የላስቲክ ኮፍያው ውስጥ ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ ቅባት ያህል ብቻ አድርጉና ገመዱን መልሱ፣ ቀጭ ብሎ መቀመጡ በእጃችሁ ይሰማችኋል፣ ካልተሰማ አልገባም። አንድ ጨረሳችሁ። አሁን ወደ ሁለተኛው።

የኋላዎቹ ሁለቱ በተለይ የላይኛው ላይ ትሰዳደባላችሁ፣ እጅ ይገባል ግን አይን አያይም። የሚተጣጠፈው መጋጠሚያ እዛ ይጠቅማል፣ ግን ለመፍታት እንጂ ለመጨረሻው ማጥበቂያ አትጠቀሙበት፣ ቶርኩን ያዛባል።

አሮጌዎቹ ምን ይላሉ

አራቱ ጨርቁ ላይ ተደርድረዋል። ገና መቆላት የጀመረ ቡና ቀለም የያዘ ካንዴላ ጤነኛ ነው። ሮታሪ አፔክስ ሲሎቹን ለማለስለስ ዘይት ራሱ ወደ ውስጥ እየረጨ የሚያቃጥል ሞተር ስለሆነ ትንሽ የዘይት ምልክት ቢኖር አትደንግጡ፣ በዛው አጋጣሚ ግን ዘይቱን ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር የመለካት ልምድ ይኑራችሁ። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ማለት ነዳጅ በዝቷል ወይ ብልጭታው ደክሟል። በቤንዚን የራሰ ጭራሽ አልተቀጣጠለም። ነጭ ሆኖ ጫፉ የቀለጠ መሳይ ከሆነ ሞቆበታል፣ የተሳሳተ ካንዴላ ገብቶ እንደሆነ ቁጥሩን አንብቡ።

ከቀለሙ በላይ ንጽጽሩን እዩ። ሁለቱ የታቾቹ እርስ በርስ መመሳሰል አለባቸው፣ ሁለቱ የላዮቹም እንደዛው፣ የላይና የታች መለያየታቸው ግን ምንም አይደለም። ኤል1 ደህና ቡናማ ሆኖ ኤል2 የራሰ ከሆነ አይናችሁን የዛ ቦቢና ላይ አድርጉ።

ቦቢናዎቹ ከላይ የሞተሩን ክዳን ስታነሱ በዚሁ ጎን ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ተከተሉት። አራቱም አንድ አይነት እቃ ስለሆኑ ለመፈተሽ ይመቻሉ፣ ፒ0302 የሚያወጣ መኪና ከሆነ የኋለኛውን የሊዲንግ ቦቢና ከፊተኛው የሊዲንግ ጋር አቀያይሩት፣ ኮዱ ወደ ፒ0301 ከዞረ ቦቢናው ነው፣ ካልዞረ ትሬይሊንጎቹን እንደዛው ሞክሩ። ቦቢናውን ስታዘዋውሩ ግን የካንዴላ ገመዱና የኤሌክትሪክ መሰኪያው ቦታቸው ላይ ይቆዩ፣ ሶኬቶቹ አንድ አይነት ስለሆኑ ኤል የሚገባውን ቲ ላይ መሰካት ይቻላል፣ ቢሰካም ይገባል፣ ያኔ እሳቱ በተሳሳተ ሰአት ይነሳና ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ በማርሚታ ይተኩሳል። አንዱ ቦቢና ከሞተ ደሞ አራቱንም ቀይሩ፣ የቀሩት ሶስቱም እድሜያቸው ያው ነው።

ማስነሳት

ጎማውን መልሱ፣ ዳዶዎቹን በእጅ አስጀምሩ፣ መኪናዋን አውርዱና በመስቀልኛ ቅደም ተከተል ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም ከ65 እስከ 87 ፓውንድ ጫማ አጥብቁ፣ እዚህ ነው ትልቁ ቶርክ ሬንች ስራ የሚያገኘው። መሳሪያ ሞተሩ ላይ ረስታችሁ እንደሆነ እዩ፣ ከዛ አስነሱ። ከተነሳች በኋላ የሙቀት መለኪያው መሀል ላይ እስኪደርስ እንዳታጠፏት፣ ድምጿን ሰማሁ ደህና ናት ብሎ በአንድ ደቂቃ ማጥፋት አዲሶቹን ካንዴላዎች ማርጠብ ነው። ሞቃ ስትጨርስ መንገድ ላይ አውጧት፣ ከሞቀች በኋላ ቀዩ መስመር አካባቢ ድረስ አንዳንዴ መውሰድ የውስጡን ካርቦን ስለሚያጸዳ የሮታሪ ሰዎች የሚመክሩት ነገር ነው፣ ፖሊስ የሌለበትን መንገድ መምረጥ የእናንተ ፈንታ።

አልነሳም ካለችና የቤንዚን ሽታ ካለ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ይዛችሁ ሞተሪኖውን አዙሩ፣ እንደዛ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ነዳጅ መርጨት ያቆማል፣ አየር ብቻ ይገባና የቀረውን ያስወጣል። በአንዴ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ሞተሪኖው ይረፍ፣ ባትሪው ደካማ ከሆነ ቻርጀር አድርጉበት፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተሪኖ ሮታሪ አያስነሳም። በዚህም ካልሆነ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የቦቢናዎቹን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ነቅላችሁ፣ ይሄ ግዴታ ነው፣ በቀዳዳው ቤንዚን ሲረጭ ብልጭታ እንዳያገኘው፣ ፔዳሉን እንደረገጣችሁ ትንሽ አዙሩት፣ ካንዴላዎቹን አድርቃችሁ መልሱ።

አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ቦቢና፣ ገመዱ ደህና፣ እና አሁንም ሞቃ ስትቆም መልሳ መነሳት የሚከብዳት ከሆነች ቀጣዩ ጥያቄ ኮምፕሬሽን ነው። ይሄን በተራ መለኪያ አታስለኩ፣ ሮተሩ ሶስት ፊት ስላለው ተራው መለኪያ ከሶስቱ ትልቁን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ አንዱ ሲል ሞቶ እንኳ ደህና ናት ይላችኋል። የሮታሪ መለኪያ ያለው ቦታ ፈልጉ፣ ውጤቱን በ250 ዙር ተስተካክሎ በወረቀት ይስጧችሁ፣ ለያንዳንዱ ሮተር ሶስት ሶስት ቁጥር። ማዝዳ ለሬኔሲስ ጤነኛ የሚለው 830 ኪሎፓስካል ነው፣ ዝቅተኛው 680። በአንድ ሮተር ውስጥ ያሉት ሶስቱ እርስ በርስ ከ150 በላይ መለያየት የለባቸውም፣ ሁለቱ ሮተሮች ደሞ ከ100 በላይ። ከ680 በታች የሆነ ቁጥር ካያችሁ ካንዴላ ላይ ተጨማሪ ብር አታውጡ፣ ያንን ብር ለሞተሩ አስቀምጡት።